ላንተ ብቻ የተሠራ

ኑርሁሴን ያን ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደው ሰው ሊደበድብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በብብቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለች ትንሽ የብረት ሣጥን ይዟል። የሚደበደበው ሰው ጸጋው ይባላል፤ የሣጥኗን ሆድ ዕቃ የሠራው እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነበር። ኑርሁሴን ሃያ ዓመት ሙሉ በየሠርጉና በየመውሊዱ ሞንታርቦ ሲያከራይ የኖረ ሰው ነው። መሣሪያውን ከፊቱ፣ ትልቁን ሞንታርቦ ከግራው አስጠግቶ ይቀመጣል፤ ድምፅ ትንሽ ከተበላሸ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ዘመኑ ሲለወጥ ኮምፒውተር ገዛና ያረጁ የመንዙማ ካሴቶችን እያጸዳ ወደ ሲዲ መገልበጥ ያዘ። «ጆሮዬ እንጀራዬ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው።

አንድ ቀን ከቢስቲማ ሁለት ወንድማማቾች የሟች አባታቸውን ካሴት ይዘውለት መጡ። ሼሁ በሕይወታቸው ድምፃቸውን ያስቀዱት አንዴ ብቻ ነው።

«ለመውሊድ ይድረስልን» አሉት። «ካበላሸኸው ሌላ የለንም።»

በኮምፒውተሩ ሲያዳምጠው ድምፁ አቅም የለውም፤ ስለዚህ ለጆሮ ማዳመጫው አምፕሊፋየር አስፈለገው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የአንድ በሬ ዋጋ ነው። ደሴ ገበያ ላይ ያለው ርካሹ የቻይና ሥሪት ደግሞ ኃይሉን ከኮምፒውተሩ ስለሚስብ እንደ ቀፎ ያጉረመርማል። ርካሹን ገዛና ኮምቦልቻ ሬዲዮና ቴፕ ወደሚጠግነው የልጅነት ጓደኛው ወደ ጸጋው ወሰደው። ሣጥኑ እንዳለ ሆኖ ሆድ ዕቃው እንዲለወጥ ተስማሙ። ጸጋው የራሱን ትራንስፎርመር ገጠመለት፤ ተልካሻዎቹን ካፓሲተሮችም ከኑርሁሴን አሮጌ የጃፓን ቴፕ በተነቀሉ ደህና ካፓሲተሮች ተካቸው።

ማጉረምረሙ ጠፋ። ግራው ግን ደካማ ነው። በቀኝ በኩል ድቤውም ጭብጨባውም ጥርት ብሎ ይመጣል፤ በግራ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ኑርሁሴን ሣጥኗን መለሰለት። ጸጋው የቮልዩም ቁልፉን በአዲስ ቀየረ፤ ያው ነው። ደግሞ መለሰለት። ብየዳውን በሙሉ ደገመው፤ ያው ነው።

ያኔ ነገሩ ኑርሁሴንን ገባው። የእሱ ቴፕ ካፓሲተሮች ለቀኙ ገብተዋል፤ የግራውን ጸጋው ለሌላ ደንበኛ ሸጦታል! ደሙ ፈላ።

«ኧረ በአላህ፣ ጸጋው እንዲህ አያደርግም» አለችው ሚስቱ ጣይባ ከግራው ተቀምጣ። ሁለቴ ተናገረች፤ አልመለሰላትም። ሰሞኑን እንዲህ ሆኗል፤ ከተናደደ ሰው አያናግርም።

በማግስቱ ሚኒባስ ያዘ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ከግራው የተቀመጡ ሽማግሌ መስኮቱን እንዲዘጋላቸው ለመኑት። ልቡ ጠቡ ላይ ነበርና ዝም አላቸው። «አይ የዛሬ ሰው!» ብለው ሽማግሌው ራሳቸው በላዩ ተንጠራርተው ዘጉት።

ጸጋው ሱቅ ሲደርስ ሰላም እንኳ አላለም።

«የግራው ካፓሲተር የት ገባ?»

«እዚያው አለ። ክፈተውና እይ።»

«እኔ አይቼ ምን ላውቅ! ባለሙያው አንተ አይደለህ?»

ጸጋው ሣጥኗን ሰካና አዳመጠ። «ለኔ እኩል ነው የሚሰማኝ» አለ።

«ሌባ ሌላ ምን ይላል?»

«እስቲ ማዳመጫውን ገልብጠህ፣ የግራውን በቀኝ አድርገህ ሞክረው።»

«አሁን ደግሞ ማዳመጫዬን ልታማ! ዓይንህን በጨው አጥበህ! አብረን ነው ያደግነው፣ ጸጋው፤ ወላሂ ከሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ አያቃጥለኝም!»

መንገደኛው መሰብሰብ ጀመረ። ኑርሁሴንም ሰው ባየ ቁጥር «ሌባ» እያለ ድምፁን ከፍ አደረገ። በመሐሉ ስልኩ ጠራ፤ የቢስቲማዎቹ ናቸው። በቀኝ ጆሮው ይዞ «አብሽሩ፣ ይደርሳል» አላቸውና ዘጋው። ወደ ጓደኛው ሲዞር ጸጋው ከግራ ትከሻው ሥር ቆሞ አገኘው። መቼ እንደተጠጋው አላወቀም። ጸጋው የሚናገረውን ነገር እንደጨረሰ ሰው አፉን ገጥሞ ያየዋል፤ ቅድም ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ የለም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጸጋው።

የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። ኑርሁሴን ደረቱን ነፋ።

«ሐሙስ ና፤ አስተካክዬ እጠብቅሃለሁ። ግን የምሠራው ላንተ ብቻ ነው። አደራህን፣ ሌላ ሰው ጆሮው ላይ እንዳያደርገው።»

ኑርሁሴን በንቀት ሳቀ። ሌላ ባለሙያ አዳምጦ ጉዱን እንዳያወጣበት ነው!

ሐሙስ ሄዶ ሣጥኗን ሳያመሰግን ተቀበለ። እስከዚያ ድረስ ግን ምላሱ አላረፈም፤ ጸጋው በአፉ እንዳመነ ለደሴ ሰው ሁሉ ነግሯል። ከደሴ ወደ ጸጋው ይወርድ የነበረው ሬዲዮና ቴፕ ቀረ። ጸጋውም አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለም።

ያን ሐሙስ ኑርሁሴን ቤቱ ገብቶ ማዳመጫውን አጠለቀና የሼሁን መንዙማ ከፈተ። ድቤው በቀኝም በግራም እኩል መታ፤ የሼሁ ድምፅ ከመሐል መጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ንዴቱ አገረሸበት።

«ጣይባ! አየሽ? መሥራት ሲችል ነው እስኪዋረድ ያቆየኝ! አንቺ ደግሞ ጠበቃው ነበርሽ። ነይ፣ ስሚና ፍረጂ!»

«ሌላ ሰው እንዳያደርገው ብሎህ የለ?»

«ለዚያም አይደል የምትሰሚው!»

ማዳመጫውን ከራሱ አውልቆ ጆሮዋ ላይ አደረገላትና መንዙማውን ከመጀመሪያው ለቀቀው።

ጣይባ «ግራው አደነቆረኝ!» ብላ ጮሃ ማዳመጫውን ወረወረችና ግራ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።