የገብረ ኪዳን ብስክሌት

አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው የአስካለማርያም ብረታ ብረት ቤት የሚሠራው በርና መስኮት ነው። ስለዚህ ታጁ የሚባል ሰው ከቱሉ ዲምቱ ድረስ በማዳበሪያ የተጠቀለለ የብስክሌት ፍሬም ተሸክሞ ሲገባ፣ ሠራተኞቹ ብየዳቸውን ትተው አዩት።

“የሚጠገን ከሆነ ቦታው እዚህ አይደለም” አለችው አስካለማርያም።

“አይጠገንም። ማን እንደሠራው ብቻ ማወቅ ነው የምፈልገው።”

አገላብጣ አየችው። ቱቦዎቹ እንደ ዛሬዎቹ እርስ በርስ የተበየዱ ሳይሆኑ፣ በብረት እጅጌ ውስጥ ገብተው በናስ የተያያዙ ናቸው። ግንባሩ ላይ የጣሊያን ፋብሪካ አርማ አለ፤ በሁለት የማይመሳሰሉ ብሎኖች ስለታሰረ ማንንም አያሞኝም። የአንገቱ እጅጌ ለቋል። ዕድሜ ነው፣ አለች በልቧ። ሰውየውንም ገመተችው፤ ሰሞኑን አሮጌ ብስክሌት ካፌ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉ ሰዎች በዝተዋል።

“እኔ ነኝ የሠራሁት” የሚል የሽማግሌው የዱጉማ ድምፅ ከበሩ ጥግ መጣ።

“እሱንማ ድሮ ሰምቻለሁ” አለ ታጁ፣ ዞር ሳይል።

የዱጉማ ጉራ ቱሉ ዲምቱ ደርሷል ማለት ነው።

ሽማግሌው ዱጉማ በየቀኑ እዚያ ጥግ ይቀመጣሉ፤ የጋበዛቸው የለም፣ የሚያስነሳቸውም የለም። ሟቹ አባቷ ሰይፈሥላሴ በባቡር ጋራዥ ሙያ ያስተማራቸው ረዳቱ ነበሩ። እሷ በተወለደች ዓመት ከአቃቂ ጠፉ፤ ፊደል ቆጥራ ስትጨርስ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አባቷ፣ ታላቃቸውና አስተማሪያቸው ሆኖ ሳለ፣ ዱጉማ በገቡ ቁጥር ብድግ ይል ነበር። ባለሙያው ቆሞ ረዳቱ ሲቀመጥ! ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻቸውም። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም “የዱጉማ ብስክሌት” ሲሉ ሰምታለች፤ የአባቷን ስም የሚያነሳ ግን አልነበረም።

“ጋሽ ዱጉማ፣ እርስዎን ብስክሌት ቀርቶ የበር ማጠፊያ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።”

“አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ።”

“ሥራዬማ ይኸው ነው። የአባቴን ወንበር ወረሱ፤ አሁን ደግሞ እጁንም ሊወርሱ ነው?”

“እኔ ነኝ አልኩ። የሞተ ሰው አታንሺ።”

“የሞተ ሰውማ ለሌባ ይመቻል።”

አንዱ ሠራተኛ ሳቀ። ዱጉማ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። “ሰውየውን አግኝተሃል” አሉት ታጁን። “ዕቃህን ይዘህ ሂድ።”

ታጁ አልሄደም። ፍሬሙን ገለበጠና ፔዳሉ የሚዞርበትን ቀዳዳ አሳያት። “እዚህ ውስጥ ስም ተቀርጿል። ቅባቱን ስጠርግ ነው ያገኘሁት። ገብረ ኪዳን ይላል። አቃቂን አዳርሼ ጠየቅኩ፤ በዚህ ስም የሚታወቅ ብረት ሠራተኛ የለም።”

አስካለማርያም ጣቷን አስገብታ ፊደሎቹን ዳሰሰች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፤ ደግ ዓይነት ደስታ ግን አልነበረም።

“እንዴት ይገኛል? የክርስትና ስም ነው።”

“የእኔ ነው” አሉ ዱጉማ ቶሎ ብለው።

“የእርስዎ?”

“የእኔ።”

“አባቴ ሲቀበር ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ ነበሩ። ፍትሐቱ ላይ ካህኑ ማን ብለው ጸለዩለት? ይናገሩ እንጂ፤ እዚያው ቆመው ሰምተዋል!”



“ተይው፣ ልጄ” አሉ ሽማግሌው።

ልጄ ብለዋት አያውቁም። የተሸነፈ ሰው ዘመድ ይሆናል፣ አለች በልቧ።

“ገብረ ኪዳን ማለት ሰይፈሥላሴ ነው” አለችው ለታጁ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። “አባቴ! ከእጅጌው እስከ ናሱ የእሱ ሥራ ነው። እኚህ ሰውዬ አንዲት ቱቦ አልነኩም። የትም ቢሰቅሉት ይህን ስም ይጻፉበት።”

ታጁ ፍሬሙን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው። እሷን አላያትም። ወደ ጥጉ ዞረ።

“ታዲያ አባባ፣ ይህ አንገት ለቆ ወንድሜ ወድቆ ሲሞት እርስዎ ለምን ታሰሩ?”