አለቃና አምሳያው

«አይንኩት!» ትለኛለች ሰገነት።

እጄን ከከረጢቱ ላይ አነሳለሁ። አይንኩት፣ ይተዉት፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ። ወደዚህ ቤት ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ፤ የባሌ ልጅ አንቱ ስትለኝ አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም። ጎረቤት ሲሰማት «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይላል። እናቷን ግን አንቺ ነበር የምትላት። እኔም ቢቸና እናቴን አንቺ እያልኩ ነው ያደግሁት። አንቱታ ለቄስ ነው፣ ለዳኛ ነው፣ አድሮ ለሚሄድ እንግዳ ነው። ይህቺን ልጅ እወዳታለሁ፤ አንድ ጊዜ አንቺ ብትለኝ ከዚህ ቤት ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ጠረጴዛው ላይ ውሃ የያዙ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች አሉ፤ በያንዳንዳቸው አንድ ዓሣ። ባሌ ስጦታው ዛሬ ጧት ከጅቡቲ ይዟቸው መጣ። መኪናውን በር ላይ አቁሞ ከረጢቶቹንና ሁለት ጀሪካን የባሕር ውሃ አወረደና ጭነቱን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ቀጠለ። ሞጣ ተቀምጦ የጨው ውሃ ዓሣ ማርባት ምን የሚሉት አመል እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሲቆም ሰው ብርዱን ችሎ ብርድ ልብሱን ለዓሣ ገንዳ የሚያለብስበት ቤት ነው ያገባሁት።

ገንዳው ውስጥ ያለው አንድ ዓሣ ብቻ ነው። አውራ ጣት ቢያህል ነው፤ ነጭ ሆኖ ሦስት ጥቁር መስመር አለው። ስሙ አለቃ ነው። ስሙን ያወጣችለት ይርጋነሽ ናት፣ የሰገነት እናት። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ሰገነት የከረጢቶቹን አፍ ፈትታ በየአምስት ደቂቃው ከገንዳው አንድ አንድ ሲኒ ውሃ ትጨምርላቸዋለች። እንዲለምዱት ነው አለችኝ።

«ይኸ ይሆናል» ትላለች ብርቱካናማውን እያሳየች። «ከአለቃ አይበልጥም፣ አያንስም። አይውጠው፣ አይዋጥ። መልኩም ሌላ ነው። ጉዱ ይኸኛው ነው።»

ሁለተኛው ከረጢት ውስጥ ያለው ቁርጥ አለቃን ነው። ሦስቱ ጥቁር መስመሮች እንኳ አልቀሩም።

«ምነው? ዘመዱ አይደለም እንዴ?»

«አባየም እንደዚያ ብሎ ነው የገዛው፤ ዘመድ ይሆነዋል ብሎ። ዓይነቱን አይተህ ግዛ ብየ ስንት ጊዜ ደወልሁለት!» ሲኒውን ታስቀምጣለች። «አለቃ የማይወድ የሚመስለውን ነው። ሌላውን አንድ ሁለት ቀን አባሮ ይተወዋል። የሚመስለው ከመጣ ግን ቦታየን ሊወስድ ነው ይላል። እስኪሞት ድረስ ነው የሚነክሰው።»

ጎንበስ ብዬ አምሳያውን አየዋለሁ።

ይርጋነሽን በሕይወቴ አላየኋትም። ቢቸና ድረስ ሽምግልና የመጡት የስጦታው ዘመዶች ግን እኔን እንዳዩ መጀመሪያ ያሉት «መልኳ እንኳ ቁርጥ ይርጋነሽን!» ነው። ለልጅቱ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ትለምዳታለች ተባለ። እኔም አመንኩ። እንዲያውም ሞጣ እንደገባሁ ፎቶዋን አይቼ ፀጉሬን እንደሷ ተሠራሁ። ያን ቀን ሰገነት ራቷን አልበላችም። ራሷን አሟት ይሆናል ብዬ እንስላል አፈላሁላት፤ የኔ ነገር!

«ታዲያ ይሙት?» እላለሁ። ለዓሣ የማይሆን ድምፅ ነው ያወጣሁት፤ ለራሴም ይሰማኛል።

ቀና ብላ ታየኛለች። ዓሣው ሁለት ቀን በተንገላታበት ውሃ ውስጥ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይተነፍሳል።

«ከዚህ በላይ እዚያ ውስጥ አይቆይም» ትላለች ቀስ ብላ። «በስልክ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ድንጋዮቹን እናነሳና ቦታቸውን እንቀያይራለን። ያኔ ለአለቃም አዲስ ቤት ይሆንበታል። ይኸን ደግሞ ቀዳዳ ያለው ነገር ውስጥ አድርገን እዚያው ውሃ ውስጥ እናቆየዋለን፤ ሳምንትም ይሁን ሁለት ሳምንት። ይተያያሉ፣ አይነካኩም። ከዚያ ሊለምደው ይችላል። ላይለምደውም ይችላል።» ጓዳውን ዞር ብላ ታያለች። «የፓስታ ማጥለያ አለዎት?»

አለኝ። ከቢቸና ያመጣሁት ዕቃ እንደታሰረ አልጋ ሥር ነው፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ አላወጣሁም። የይርጋነሽ ቡፌ ላይ ምን ብዬ ልደርድረው? ተንበርክኬ ካርቶኑን እቀደዋለሁ። ቀይ የፕላስቲክ ማጥለያዬን ይዤ እመለሳለሁ።

ሰገነት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንስታ ቦታቸውን ታለዋውጣለች። አለቃ የሚገባበት ጠፍቶት ከጥግ ጥግ ይሮጣል፤ ያሳዝነኛል። ብርቱካናማው ሲገባ እንኳ ልብ አላለውም። ከዚያ ማጥለያውን ውሃው ውስጥ ከትታ አምሳያውን ታስገባበታለች።

«ይያዙልኝ፣ ማሰሪያ ላምጣ።»

እጄን እስከ ክርኔ እከታለሁ። እሷ ወደ ጓዳ ትሮጣለች።

አለቃ ይመጣል። ቆም ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ በአፉ ማጥለያውን ይመታል። ምቱ እጄ ድረስ ይሰማኛል፤ ትንሽ ነው፣ ግን ከልቡ ነው። ውስጥ ያለው ሸሽቶ ወደ መዳፌ ይጠጋል። አለቃ ዞሮ ይመጣና ጣቴን ይነክሰኛል። ደንግጬ እጄን ላወጣ ስል፣

«አትልቀቂው!» ትላለች ሰገነት ከጓዳው በር።

ሁለታችንም ባለንበት እንቀራለን። ከንፈሯን ስትነክስ አያለሁ፤ ልታርመው ነው እላለሁ። አታርመውም። ሲባጎውን ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቆምና ጫፉን በማጥለያው ቀዳዳ ታሾልካለች። ቋጠሮው እምቢ ይላታል፤ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። አላስቸኩላትም።

ክንዴ ዝሏል። አለቃ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣል። አልለቀውም።