የአስላክ ምልክት

ማህቴ በበረዷማው ሰሜን ባለችው የአጋዘን አርቢዎች መንደር፣ በካውቶኬይኖ፣ ቤቱ ተቀምጦ የጠዋቱን የሳተላይት ምስል ሲከፍት፣ ትናንት ከወንዙ ማዶ የነበረው ነጭ ነገር ወንዙን ተሻግሯል።

መንግሥት የሚጠቀምበትን የአካባቢውን የግጦሽ ካርታ የሠራው እሱ ነው። ስሌቱ የሚቆጥረው አረንጓዴውን ብቻ ነው፤ አጋዘን የበረዶውን ወራት እየበላ የሚያልፍበትን የመሬት ሽበት፣ አፈርና ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚበቅለውን ነጭ እጽ፣ ባዶ መሬት ያደርገዋል። ማህቴ የአጋዘን አርቢ ልጅ ነውና ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም በአጎቱ በአስላክ መሬት ላይ «ግጦሽ የለም» ብሎ ፈረመ። በዚያ ፊርማ መንጋው በመንግሥት ትእዛዝ ታረደ፤ አስላክም ወር ሳይሞላ ሞተ።

አንድ ጣት ለማደግ ዓመታት የሚፈጅበት ያ ሽበት አሁን በቀን አንድ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ምስሉን አቀረበው። ቅርጹ የጆሮ ነው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ፣ ጎኑ ላይ አንድ ቦታ ተቆርጧል። አስላክ የእሱ መሆናቸው እንዲታወቅ የአጋዘን ግልገሎቹን ጆሮ የሚቆርጠው እንደዚህ ነበር።

ለአጎቱ ሚስት ለሪስተን ደወለ።

«እትዬ፣ የአጎቴ ቢላ የት ነው ያለው?»

«አብሮት ተቀብሯል። ምነው፣ ዛሬ ናፈቀህ?»

«በምልክቱ የሚጠቀም ሰው አለ እንዴ?»

«ከእሱ ሌላ ማን ይጠቀማል? ሲያጣጥር ‹ምልክት ያላደረግሁበት አንድ ቀርቶኛል› ይል ነበር። እየቃዠ ነው ብለን ዝም አልነው።» ስልኩን ዘጋችው።

ማህቴ ምስሉን ይበልጥ አቀረበው። ጆሮው መሃል ላይ ያለው ቀይ ጣሪያ የራሱ የማህቴ ቤት ነው። በመስኮት ሲያይ፣ በረዶ በሌለበት በሐምሌ፣ ግቢው ነጥቷል።

ትከሻው ላይ ሙቅ ነገር ጠብ አለ። እጁን ወደ ጆሮው ሰደደና ዳሰሰው። ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ፣ ጎኑ ላይ አንድ ቦታ።