አጣናው ላይ የሰፈረው ንብ

ታንጉት ሸክሟን አውርዳ አበባዋን መሬት ላይ ስትዘረጋ ንቦቹ አብረዋት የመጡ ይመስል ወዲያው ከበቧት። ነገ ጃንሆይ በተገኙበት ለሚለኮሰው ደመራ ከእንጦጦ ጫካ የለቀመችው ነው፤ አደይ አበባ፣ ከሥሩም ጦስኝ።

ሐዋ፣ ከአንዋር መስጊድ አጠገብ ካለው የጨርቅ ሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ ታያለች። ገበያው ቀዝቅዟል። ንቦቹ የጠወለገውን አደይ እያለፉ ያልጠወለገው ላይ ያርፋሉ፤ እግራቸው ቢጫ ዱቄት እስኪለብስ። ትንንሾቹ ቢራቢሮዎች ግን ጦስኙን እንጂ አደዩን ዞር ብለው አያዩም።

«ታንጉት፣ ደንበኛ ልታሳጪኝ ነው» አለች ሐዋ፣ ሳትቆጣ።

«ካልነኳቸው አይነኩም፣ እትዬ ሐዋ።»

ከቀትር በኋላ ከሲኒማ ራስ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ሰው ቀና ሲል የንብ መንጋ ሰማዩ ላይ ይሽከረከራል። አበባው ላይ ያርፋል ሲባል አልፎት ሄዶ፣ ሐዋ ጨርቅ የምትሰቅልበት አጣና ጫፍ ላይ እንደ ሙክት ላት ተንጠለጠለ። ገዢው ተበተነ። አህያ ያለው አህያውን እየጎተተ ሮጠ።

ጎረቤቷ ባለሱቁ እንድሪስ ላምባ የነከረው ጨርቅ በዱላ ላይ ጠምጥሞ፣ ለኩሶ መጣ። «ዞር በይ ሐዋ፣ ሳይነሡ ላቃጥላቸው።»

ታንጉት መሐል ገባች። «በእመቤቴ፣ ጋሼ እንድሪስ! ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቀፏችን ባዶውን ነው የከረመው። እኔ ልውሰዳቸው።»

«ሰው ቢገድሉስ?»

«ሰፍሮ ያለ ንብ ማር ጠግቦ ነው የወጣው። እሳት ካልለቀቁበት ብዙም አይናደፍም።»

ሁለቱም ሐዋን አዩ። እሷ የሚንቦገቦገውን ዱላ አየች፤ እስከ ጣራ የተደረደረውን ጣቃዋን አየች።

«እሳቱን ይመልሱት፣ ጋሼ እንድሪስ።» ወደ ታንጉት ዞረች። «ምን ልስጥሽ?»

«ሰፊ ነጭ ጨርቅ። አንድ ሰውም አጣናውን ዝቅ አድርጎ ይያዝልኝ።»

ሰው የለም፤ ሁሉም ሸሽቷል። ሐዋ ከአዲሱ አቡጀዲ ቀደደችና ራሷ አጣናውን ያዘች። ታንጉት አበባውን ያመጣችበትን ቅርጫት ውስጡን በጦስኝ አሸች፤ ከዚያ በባዶ እጇ ክምሩን ቀስ እያለች ታራግፈው ጀመር። «አውራዋ ከገባች ሌላው ይከተላል» ትላለች፣ በሹክሹክታ።

ንቦች በሐዋ ክንድ ላይ ወጡ። ይሞቃሉ። አንዷ አንገቷን ነደፈቻት፤ ሐዋ ዓይኗን ጨፈነች እንጂ አጣናውን አልለቀቀችም።

«ገባች» አለች ታንጉት።

ቅርጫቱን በአቡጀዲው ሸፍና አዘለችው። «አበባውን አደራ» ብላ ሽቅብ ወደ እንጦጦ መንገድ ገባች።

አበባ ፈላጊ ሲመጣ ሐዋ ተነሥታ ከአበባው ነዶ ላይ ንቦቹን አራግፋ ለታንጉት ሸጠችላት። አንገቷ አብጧል።

ሲመሻሽ እንድሪስ ሱቁን ቆልፎ ሲያልፍ፣ «አጣናውን አታስገቢም?» አላት።

ሐዋ በአገጯ አሳየችው። የቀሩት ጥቂት ንቦች አጣናው ጫፍ ላይ፣ አውራዋ በነበረችበት ቦታ ይዞራሉ። ያርፋሉ፣ ያሸታሉ፣ መልሰው ይነሣሉ።