«ልጄ እንዳለው... አስር ደቂቃ»

«አባዬ... ምንድነው ይሄ?!»

አንዴ ፉት ብዬ መልሼ ብርጭቆው ውስጥ ተፋሁት።

እሬት ነው እንጂ ሻይ አይደለም!

አባቴ ደንገጥ አለ። «አረንጓዴው ሻይ ነዋ... አንተ ያመጣህልኝ።»

አባቴ ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጥቃቅን ብሎን ላይ ሲያፈጥ ዐይኑ ደክሟል... ካርቶን ላይ ያለ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም።

ከሰባት ወር በፊት ሐኪም ስኳር ሲከለክለው፣ «ይሄ ያለ ስኳር ይጠጣል» ብዬ ሻዩን ገዝቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«ማነው እንዲህ አድርገህ አፍላው ያለህ?» ቆጣ አልኩ።

በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ።

ከምድጃው በላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት... በትልልቅ ፊደል...

«ውሃው ይንተክተክ። ቅጠሉ ይግባ። አስር ደቂቃ ይፍላ። ልጄ እንዳለው።»

እኔ? እኔ መቼ?!

ኋላ ትዝ አለኝ።

ደውሎ ጠይቆኝ ነበር... ሥራ ላይ ነበርኩ። ካርቶኑን እኔም አላነበብኩትም። ቶሎ እንዲዘጋልኝ ብቻ «አፍላው በቃ አባዬ! አስር ደቂቃ አፍላው!» ብዬ ተገላገልኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ «ልጄ፣ ይሄ ነገር መምረሩ ያለ ነው?» አለኝ።

«አዎ አዎ፣ ያለ ነው።» ዘጋሁት።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ነርሷ ገባች። ብርጭቆውን አይታ ሳቀች።

«ብላቸው ብሠራቸው አይሰሙኝም እኮ! ውሃው ሲፈላ ይውረድና አምስት ደቂቃ ይብረድ... ቅጠሉ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቆይቶ ይጠለል... ያኔ አይመርም አልኳቸው!»

«ታዲያ ለምን እሺ አላልካትም አባዬ?»

አባቴ አቀረቀረ።

እሷ መለሰችልኝ።

«"ልጄ ሳያውቅ አይነግረኝም" ይሉኛል።»

ሰባት ወር... በቀን ሁለቴ... አስሯን ደቂቃ በእጅ ሰዓቱ እየቆጠረ!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የባሰውን ልንገራችሁ? ያን ቀን ጠዋት እዚሁ ገጽ ላይ «ወላጆቻችሁን አዳምጡ» ብዬ ለጥፌ ሦስት ሺህ ሰው ላይክ አድርጎልኛል። አስተማሪ ነኝ እኮ እኔ!

ተነስቼ ካርቶኑን አነበብኩት። ነርሷ ያለችው ሁሉ እዚያው ላይ ተጽፏል። እንደዚያው አድርጌ ሠራሁለት።

አባቴ ቀመሰ... ፊቱ በራ።

ወዲያው ግን ቀና ብሎ አየኝና «የበፊቱም እኮ ክፉ አልነበረም» አለ።

እንዳላፍር ብሎ!

«ይቅር በለኝ አባዬ...» አልኩት።

እሱ እርሳስ አንስቶ ወደ ወረቀቷ ሄደ። «ይንተክተክ» ከሚለው ሥር «ይውረድና ይብረድ» ብሎ ጨመረ። «አስር ደቂቃ ይፍላ» የሚለውን ሰርዞ «ሁለት ደቂቃ ይቆይ» ብሎ ጻፈ።

«ልጄ እንዳለው» የምትለዋን ግን አልነካትም።

ወገኖቼ... እኛ ለመገላገል የወረወርናትን ቃል እነሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፏታል። ወላጅ ሲጠይቀን ካላወቅን «ቆይ፣ አይቼ ልንገርህ» እንበል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እናንተስ... እናት አባታችሁን ለመገላገል ብላችሁ እንደነገሩ የመለሳችሁላቸው ነገር የለም? እስቲ ጻፉልኝ... ብቻዬን አታሳፍሩኝ።