የረባሿ እናት

«በመልካሙ እንጀምር» አለ መምህሩ፣ እናትየዋ ገና ሳትደላደል። ወንበሩ ለልጅ የተሠራ ነውና ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው። የልጅሽ ንባብ ጥሩ ነው ሳይሆን «የልጅዎ ንባብ ጥሩ ነው» አላት፤ ጽሕፈቷም ንጹሕ ነው። በወላጆች ቀን በመልካም የሚጀምር መምህር ወዴት እንደሚያመራ የማያውቅ ወላጅ የለም። ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ መርዶዋን ጠበቀች።

የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። ወደዚህ ሰፈር ከገቡ ወዲህ ልጇ ሚጣ አፏን ዘግታለች። እናት ፀጉር ቤቷ ውስጥ የደንበኞቿን ወሬ ስትሰማ ትውልና ማታ ቤቷ ስትገባ ዝምታ ይቀበላታል። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ብትል፣ «ደህና።» «ከማን ጋር ተጫወትሽ?» ብትል ትከሻ መነቅነቅ። ልጄ ጓደኛ የላትም፣ በእረፍት ሰዓት አንድ ጥግ ብቻዋን ትቆማለች እያለች ታስባለች።

«አንድ ችግር ግን አለ» አለ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ወሬ ታበዛለች።»

«ማን?»

«ልጅዎ።»

«ኧረ መምህር፣ ከሌላ ልጅ ጋር ተምታታብዎት። የኔዋ እኮ የፊት ጥርሷ የወለቀው ናት።»

«እሷው ናት! በወለቀው በኩል ነው ወሬው የሚወጣው።»

መምህሩን ከጠዋት ጀምሮ «የኔ ልጅ አያደርገውም» የሚሉ ወላጆች ሲያደርቁት ስለዋሉ ማስረጃውን ይደረድር ገባ። ፊት ቢያስቀምጣት ወደ ኋላ እየዞረች አወራች። ኋላ ቢወስዳት ረድፉን በሙሉ በሳቅ ገደለችው።

«በመጨረሻ ከክፍሉ ሁሉ ዝምተኛ ከሆነችው ልጅ ጎን አስቀመጥኳት። ምን ሆነ መሰልዎት? አሁን ሁለት ለፍላፊ አለኝ!»

የእናትየዋ ፊት እየፈካ መጣ። «እና ልጆቹ ይስቃሉ?»

«ሆዳቸውን ይዘው ነዋ! የርእሰ መምህሩን አረማመድ ታሳያቸዋለች።» በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ለመናገር፣ ቁርጥ እሳቸውን።»

«በእረፍት ሰዓትስ?»

«በእረፍትማ ማን ያገኛታል? ከነግብረ አበሮቿ ግቢውን ሲያምሱት ነው የሚውሉት።»

የእናትየዋ እንባ ዱብ ዱብ አለ። መምህሩ ክው ብሎ ደነገጠ። «ኧረ እህቴ፣ ያን ያህል እንኳ አይደለም! ልጅ አይደለች? ትተወዋለች።»

«እንዳትተወው!» አለች እየሳቀች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች። «ይጨምሩልኝ እስቲ። ሌላስ ምን አጠፋች?»

ስትወጣ፣ ተራውን የሚጠብቅ አንድ አባት በጭንቀት አያት። «እንዴት ነው ነገሩ?»

«ረባሽ ናት አሉኝ!» አለችው ደረቷን ነፍታ።

መተላለፊያው ጫፍ ላይ ሚጣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። እጆቿን እያወናጨፈች ለሦስት ልጆች አንድ ነገር ትተርካለች፤ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል። እናት ልትጠራት አፏን ከፈተችና ስሟን መልሳ ዋጠችው። ካየችኝ ታቆማለች ብላ ፈራች።

ስለዚህ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ዞረች፤ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠግታም ጊዜው ያለፈበትን የፈተና ፕሮግራም ታነብ ጀመር። ከኋላዋ የልጇ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሳቅ ይከተለዋል። ፕሮግራሙን እስከ ታች ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች።