የከንፈር ትምህርት

ሁለት መቶ ልጅ ያለበት ግቢ እንዴት ዝም ይላል? ደግነት በሩን ካለፈ ጀምሮ ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከአጥሩ ማዶ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጆች በጌዴኦኛ ቁጥር እየቆጠሩ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጡታል። በዚህ በኩል ኮቴ እንኳ የለም። ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል።

«ልጆቹ ወጥተዋል እንዴ?» ይላል።

«ክፍል ናቸው፣ አባት» ይላሉ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ገበያነሽ።

ሚስቱ ማርቲ ክንዱን ቆንጠጥ ታደርገዋለች፤ እንዳታሳፍረኝ ማለቷ ነው። ለልጃቸው ለሉሲ ይህን ቦታ ያገኘችው ደጅ ጠንታ ነው። ጎረቤታቸው ባለሱቋ ሀቢባ ልጇን ሱፍያንን ዓመቱ ሳያልቅ ስታስወጣው አንድ ወንበር ተከፈተ፤ ማርቲ ወሬውን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። የደግነት ልብ ያለው ከአጥሩ ማዶ ነው። እሱ በልጅነቱ ናይሮቢ አጎቱ ዘንድ ተልኮ ነው የተማረው። ሲመለስ እናቱ በጌዴኦኛ የምትለውን ይሰማል፣ አፉ ግን አልታዘዝ አለው። ስትሞትም አጠገቧ ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ነው የሸኛት። ሉሲ እንደሱ እንድትሆን አይፈልግም።

«አንተ ድንበር ተሻግረህ ተማርክ፤ ለኔ ልጅ ሲሆን የሰፈር አጥር ይበቃታል?» ብላዋለች ማርቲ ጠዋት ሲነሱ።

የዚህ ትምህርት ቤት ልማድ እንዲህ ነው፦ ልጅ ከመመዝገቡ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቶ ይቀመጣል፣ ወላጅ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። ሉሲ ከገባች ቆየት ብላለች። በባጃጅ ሲመጡ አፏ አላረፈም። ሾፌሩን የባጃጁን ስም ጠየቀችው። ስም የለውም ሲላት፣ «ታዲያ ሲጠፋብህ ማን ብለህ ትጠራዋለህ?» አለችው።

«ቤቱ የቡና መጋዘን ነበር» ይላሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ በአገጫቸው ወደ ጣራው እያሳዩ። «ኮርኒስ የለውም። የዲላን ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከጀመረ መምህር ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ከዝናብ ጋር ስንጣላ ከረምን። በኋላ መምህር ይርጋ መላ አመጣ። ልጆቹን በከንፈር አስለመዳቸው። እሱ ያለ ድምፅ ይላል፣ እነሱ ከንፈሩን አይተው ያለ ድምፅ ይመልሳሉ። ይዝነብ አይዝነብ፣ ትምህርት አይቋረጥም።»

«ዛሬ እኮ አልዘነበም» ይላል ደግነት።

«ለመዱታ። አሁንማ ሲጫወቱም እንዲሁ ናቸው። ወላጆች ቤታችን ሰላም ሆነ ይሉናል።»

«የኔይቱን ዝም ካሰኛችሁልኝ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ነው የምመጣው» ትላለች ማርቲ። ሁለቱ ሴቶች ይስቃሉ።

ደግነት ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከንፈሮቻቸው እኩል ይከፈታሉ፣ እኩል ይገጥማሉ። መምህሩን ይፈልገዋል። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሰሌዳ ያጠፋል። የሚያስጠናቸው ሰው የለም።

ሉሲ መሃል ላይ ናት። ከንፈሯ ከነሱ ጋር እኩል ይሄዳል፤ አንዲትም አይስትም።

መስታወቱን በጣቱ ይመታል። ልጆቹ በሙሉ ዞረው ያዩታል። ከንፈሮቻቸው ግን አያቆሙም።

ወደ ግቢው ጥግ ሄዶ ሀቢባ ጋ ይደውላል። ስልኩ ቶሎ ይነሳል።

«ሀቢባ?»

ትንፋሽ ብቻ።

«ሱፍያን፣ አንተ ነህ? የሉሲ አባት ነኝ። እናትህን አቅርብልኝማ።»

ከወዲያ በኩል አንድ ስስ ነገር ይሰማል፤ የረጠበ ከንፈር ሲላቀቅ፣ ሲገጥም፣ ሲላቀቅ። አይቸኩልም። ልጁ እያወራው ነው። ረጅም ነገር እየነገረው ነው። ሲጨርስ ስልኩን ይዘጋዋል።

የክፍሉ በር ይከፈታል። ልጆቹ በካልሲ የሚሄዱ ይመስል ኮቴ ሳያሰሙ ይወጣሉ። ማርቲ ሉሲን ከመካከላቸው ትስባታለች።

«እንዴት ነበር፣ የኔ ማር?»

የሉሲ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

«አየህ? ባንድ ክፍለ ጊዜ» ትላለች ማርቲ እየሳቀች። «በይ አሁን በድምፅ ንገሪኝ።»

የሉሲ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ዓይኗ የእናቷን ፊት እየተከተለ ነው፤ እናቷ ስላልሰማቻት የገረማት ትመስላለች።

«ሉሲ፣ ቀልድ ይበቃል።» የማርቲ ፈገግታ ከፊቷ ሳይወርድ እዚያው ደርቆ ይቀራል።

«መጀመሪያ ላይ ወላጅ ይደነግጣል» ይላሉ ወይዘሮ ገበያነሽ ረጋ ብለው። «በኋላ እናንተም ትለምዱታላችሁ።»

«አንመዘግባትም» ይላል ደግነት። ማርቲን ያያታል። ማርቲ አትከራከርም። ቦርሳዋን ታነሳለች።

ሉሲን ብድግ አድርጎ ወደ በሩ ይሄዳል። ማዶ ያሉት ልጆች አሁንም እየጮሁ ይቆጥራሉ።

«ሉሲዬ፣ ለኔ ብቻ። በጆሮዬ።»

አፏን ጆሮው ላይ ትለጥፋለች። ትንፋሿ ይሞቃል። ከንፈሯ ጆሮውን እየነካ ይከፈታል፣ ይገጥማል፤ ይከፈታል፣ ይገጥማል።

በአንድ እጁ እሷን እንደያዘ በሌላው አውራ ጣት ይጽፋል፦ «ሀቢባ፣ ሱፍያንን ካስወጣሽው በኋላ ድምፁ ተመለሰለት?»

መልእክቱ ይሄዳል። ሀቢባ አንብባዋለች። መልስ እየጻፈች እንደሆነ ስልኩ ያሳያል፤ ይጠፋል። እንደገና ያሳያል፤ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ምንም አይመጣም፤ ያን ዕለትም፣ በሌላውም ቀን።